መምህር ገብረጻድቅ ሽበሺ፦ የማይላጥ ሽፋን ሲፈልጉ የኖሩ

ሥራችሁንና ቤታችሁን ትታችሁ አብራችሁን ልታለቅሱ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶቻችን ሆይ፣ የወንድሜን ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ እኔን ታናሽ እህታቸውን ፍቅርተን አዞኛልና ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

መምህር ገብረጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ሽበሺ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙአየሁ ደምሴ በ1965 ዓ.ም. በሐዋሳ ታቦር ተወለዱ። የአባታቸው የብረት በር ሥራ ስላማረካቸው አዲስ አበባ ሄደው የመካኒካል ምህንድስና ተማሩ፤ በ1988 ዓ.ም. ተመልሰውም በከተማችን በሚገኝ አንድ ኮሌጅ እስከ ሕመማቸው ድረስ አስተማሩ። ወይዘሮ ኢየሩስ ጎሳዬን አግብተው ፀጋንና አልአዛርን ወልደዋል።

በ2002 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዳሌዬ ተሰብሮ በብረት መገጣጠሚያ ተተካልኝ። አምስት ዓመት ሳይሞላ መራመድ አቃተኝ። ሐኪሞቹ ሲከፍቱት የብረቱ ሽፋን ተላጦ፣ ከሥሩ ያለው ብረት እየተፋቀና እየዛገ፣ በዙሪያው ያለውን ሥጋ በብናኙ አጥቁሮት ተገኘ። ወንድሜ የወጣውን ብረት በመዳፋቸው ይዘው፣ «ፍቅርዬ፣ ይህን ይዘሽ ነው 'ሰንፈሽ ነው፣ ተራመጂ' እያልኩ ስቆጣሽ የከረምኩት?» ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አላወቁም። በስስና ጠንካራ ሽፋን የተለበጡ ብረቶችን ከውጭ አገር እያስመጡ፣ የሰውን ገላ በሚመስል ሙቅ የጨው ውሃ ውስጥ ነክረው እርስ በርስ ሲያፋትጉ አሥር ዓመት ኖሩ። የመጨረሻው ሽፋን ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ተፋትጎ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ የጉበት ካንሰር እንደያዛቸው የምናውቅ ሁሉ ውጤቱን በሕይወት ሳሉ እንዲያሳውቁ ለመንናቸው። እሳቸው ግን፣ «ሰው በዓመት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይራመዳል፤ አምስት ሚሊዮን ሳይሞላ አልናገርም» አሉ።

ባለፈው ኅዳር፣ አብራቸው የምትሠራው ተማሪያቸው ሙንተሃ ሆስፒታል መጥታ አልጋቸው አጠገብ ቆመች። ፊቷን አይተው፣ «ስንት ላይ ተላጠ?» አሏት።

«አራት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ላይ፣ መምህር።»

«እንዳየሽው ጻፊው፤ ስሜንም ከላይ አድርጊው። ሰው ገላ ውስጥ ገብቶ ከሚላጥ እዚህ መላጡ ይሻላል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በአሥራ አንደኛው ቀን በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የዘጠና ዓመት አዛውንት እናታቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ወረቀቱ ላይ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ጋሼ፣ ያን ቀን ሙንተሃን የሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቄ፣ መላጡን ስትነግረኝ «አልተላጠም በያቸው፣ ደስ ብሏቸው ይሂዱ» ብዬ እግሯ ላይ የወደቅኩት እኔ ነኝ። እሷ እምቢ አለችኝ። ይቅር ይበሉኝ።

እግዚአብሔር ነፍስዎን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም እንባችንን የምንችልበት ጉልበት ይስጠን። አሜን።