መሻገር የተከለከለው ወንድም

የምስክርነት ቃል

የምስክሩ ስም፦ ይሻው ሙላቴ አያሌው
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የሚኒባስ ሾፌር
አድራሻ፦ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ቀበሌ 03
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በአቶ ሙባረክ ይማም ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት
ቃሉን የተቀበለችው፦ ዋና ሳጅን ፈንታነሽ ታደሰ

ያላየሁትን እንዳልጨምር፣ ያየሁትንም እንዳልደብቅ፣ ይህን ሳላደርግ ብቀር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጎጂውን አቶ ሙባረክ ይማምን የማውቃቸው በገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ስላላቸውና ዕቃቸውን ከባሕር ዳር የማመላልስላቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። ጠብ የለንም። ዝምድናም የለንም። ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ኸድር ይማምን ግን ከዚህ ጉዳይ በፊት አይቼው አላውቅም። ውጭ አገር እንዳለ ብቻ ነበር የምሰማው።

የካቲት 12 ቀን አቶ ሙባረክ ሱቃቸው አስጠርተውኝ ወንድማቸው በማግስቱ በአውሮፕላን ባሕር ዳር እንደሚገባና በኮንትራት እንዳመጣላቸው ነገሩኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እናታቸው ወይዘሮ ዙበይዳ ማረፋቸውን እንደማያውቅ ነገሩኝ። ወይዘሮ ዙበይዳ ያረፉት በጥቅምት ወር ነው። ቀብር ላይ እኔም ቆሜያለሁ። ልጃቸው እስከ የካቲት አለማወቁን ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በጠዋት፣ ሽማግሌ ባለበት ነው የሚነገር። ስለዚህ መንገድ ተዘግቷል ብዬ ሐሙሲት አሳድሬ ንጋት ላይ እንዳደርሰው አዘዙኝ። ስለ እናቱ ከጠየቀኝ ደህና ናቸው እንዳልል፣ ሞተዋልም እንዳልል። ታዲያ ምን ልበለው ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አንተ ሾፌር ነህ፤ መንገዱን ተመልከት" አሉኝ።

በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተቀበልኩት። የያዘው አንድ ሻንጣ ነበር። ከኋላ ቦታ እያለ ጋቢና ገባ። ገና ከግቢው ሳንወጣ እናቱ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀኝ። እኔ ሱቁን እንጂ ቤቱን አላውቅም አልኩት። እውነት ነው። እውነትም አይደለም። በደወለ ቁጥር ተኝታለች እንደሚሉት ነገረኝ። መንገዱን ተመለከትኩ።

ወሬውን ለማስቀየር ስለ ሥራው ጠየቅኩት። የሚኖረው ካናዳ፣ የሚሠራው አሜሪካ እንደሆነ ነገረኝ። ቤቱ ዊንዘር የሚባል ከተማ ነው፤ ሥራው ከወንዙ ማዶ ዲትሮይት፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጠዋት በድልድይ ይሻገራል፣ ማታ ይመለሳል። የካናዳ ዜጋ ስለሆነ ቪዛ አይጠየቅም። ለሥራ ሲሆን ግን ፓስፖርቱን፣ የትምህርት ማስረጃውንና ቀጣሪው የጻፈለትን ደብዳቤ ይዞ ድልድዩ ላይ ላለው የአሜሪካ መኮንን ያቀርባል። መኮንኑ እዚያው አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይመልሳል። ፈቃዱ ለአንድ ቀጣሪ ብቻ ነው፤ ሆስፒታል ከቀየረ እንደ አዲስ ይጠየቃል። ሲወጣስ አልኩት። ሲወጣ አሜሪካኖቹ ምንም አይሉም፤ የሚጠይቀው የካናዳው ነው፤ እሱም የሚለው ምን ገዝተህ መጣህ ነው አለኝ።

በመስከረም ሆስፒታል ሲቀይር መኮንኑ መልሶታል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው የሙያ ስም እነሱ ከሚያውቁት ስም ጋር አልገጠመም። ቀጣሪው አስተካክሎ እስኪልክና ጥር ላይ እስኪፈቀድለት ድረስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከረመ። ምን ስትሠራ አልኩት።

"ወንዝ ሳይ" አለኝ። እየሳቀ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ምን እየነገረኝ እንደነበር ያን ጊዜ አልገባኝም።

አንድ ጊዜ የተመለሰ ሰው ሁልጊዜ እንደተመለሰ እንደሚቆጠርም ነገረኝ። ስሙን ባዩት ቁጥር ወደ ጎን ያወጡታል። ከዚህ በፊት መግባት ተከልክለህ ታውቃለህ ይሉታል። ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ይሉታል። ለመጀመሪያው አዎ ማለት ከጀመረ ወዲህ ለሁለተኛው ታስሬ አላውቅም ባለ ቁጥር ድምፁ እንደሚከዳው ነገረኝ። እዚያ መዋሸት ደግሞ ከማንኛውም ጥፋት ይከፋል፤ ዋሽቶ የተያዘ ዳግም አይሻገርም። አዲሱ ሥራው ላይ ገና ስለሆነ የሰጡት እረፍት አጭር ነው። መጋቢት 1 ቀን ድልድዩ ላይ መሆን አለበት።

ሐሙሲት መግቢያ ኬላ ላይ አስቆሙን። ሚሊሻው ፓስፖርቱን ገለባብጦ አየው።

"አሜሪካ ነህ?" አለው።

"ካናዳ ነኝ።"

"ያው ነው" አለና መለሰለት።

አቶ ኸድር አንተን ነበር ድልድዩ ላይ ማቆም አለው። ሚሊሻው ነገሩ ባይገባውም ሳቀና አሳለፈን።

ከተማው ውስጥ ገበያ አስቆመኝ። እናቱ ጥርስ ስለሌላቸው የበሰለ ፓፓያ መረጠላቸው። ሻጯን ለአሮጊት ነው፣ ለስላሳውን ስጪኝ አላት። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሲመርጥ አየሁት። ከዚያ ከወረታ ወዲያ መንገድ ተዘግቷል አልኩት። ማን ዘጋው አለኝ። ይዘጋል አልኩት። በኛ አገር እንዲህ ከተባለ ሰው ሌላ አይጠይቅም። እሱም አልጠየቀም። አልጋ ይዘን አደርን።

የካቲት 14 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም የአቶ ሙባረክ ቤት ደረስን። የግቢው በር ተከፍቷል፤ ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከመኪናው ሲወርድ የፓፓያውን ፌስታል ለእኔ ሰጠኝ። ወደ ሰዎቹ አየ። ከዚያ ወደ እኔ አየ። ከሁሉም ይልቅ የማልረሳው ይህንን ነው፤ ግን ለጉዳዩ አይጠቅምም ብትሉኝ አይጻፍ።

ሽማግሌው ሸህ ሙሄ ተነስተው "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ብለው መርዶውን ነገሩት። አቶ ኸድር መሬት ላይ ተቀመጠ። እህቱ ረሂማ መጥታ አቀፈችው። ብዙ አለቀሰ። ያረፈችው ሌሊቱን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሐሙሲት ባላድር ኖሮ እደርስ ነበር ወይ አለ። ይህን ሲል እኔ የግቢው በር ላይ ነበርኩ።

"ልጄ፣ ሰንብቷል" አሉት ሸህ ሙሄ።

አቶ ሙባረክ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። በረንዳው ከግቢው ከፍ ያለ ሲሚንቶ ነው፤ መከለያ የለውም፤ ከታች ድንጋይ ተነጥፏል። ጥቅምት ላይ ነው ያረፈችው አሉ። አቶ ኸድር ተነስቶ ወደ እሳቸው ወጣ። አልጮኸም።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዳልሻገር ከለከሉኝ ያልከኝ አንተ ነህ። መውጫ ለሌለው ሰው መርዶ ይነገራል? እዚያ ተይዘህ ብቻህን እንድታብድ ነው?"

"የከለከሉኝ ወደ ሥራ ነው፤ ወዲህ ማን ከለከለኝ? ቤቴ ነበርኩ። ካናዳ ነበርኩ።"

"ያው አይደለም እንዴ?" አሉት አቶ ሙባረክ። የሚያሾፉ አልነበሩም። የምር እየጠየቁት ነበር።

አቶ ኸድር ከመቼ ጀምሮ ታማ ነበር አለ። ከመስከረም ጀምሮ አሉት። ጠይቃኝ ነበር ወይ አለ። በዚህ ጊዜ ረሂማ ከታች ሆና በቃ ተዉት አለች። አቶ ሙባረክ ግን መለሱለት። ሊያጽናኑት የፈለጉ ይመስለኛል።

"ማታ ማታ ስምህን ትጠራ ነበር። ድንበር ተዘግቶበት ነው አልናት። አመነችን። አልተቀየመችህም።"

አቶ ኸድር እስከዚያ ድረስ ወንድሙን በአንቱ ነበር የሚያናግረው። ያን ጊዜ ግን "አንተ" አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። በሁለት እጁ ደረታቸውን ገፋቸው። አቶ ሙባረክ በጀርባቸው ከበረንዳው ወደ ድንጋዩ ወደቁ። መነሳት አልቻሉም።

በእኔ ሚኒባስ ሆስፒታል ወሰድናቸው። መንገድ ላይ ራሳቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ የያዛቸው አቶ ኸድር ነው። ዳሌያቸው መሰበሩን ሐኪሙ ነገረን። ሆስፒታሉ ለፖሊስ አሳወቀ፤ ፖሊስም መጥቶ የአቶ ኸድርን ፓስፖርት ተረከበ። አቶ ሙባረክ ተንሸራትቼ ነው አሉ። ሸህ ሙሄ ፊቴን አዙሬ ነበር፣ አላየሁም አሉ። ረሂማም አላየሁም አለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔም አላየሁም ካልኩ መዝገቡ እንደሚዘጋና ፓስፖርቱ እንደሚመለስለት ያወቅሁት ከሽማግሌዎቹ ነው።

የካቲት 18 ቀን አቶ ሙባረክ የተኙበት አስጠሩኝ። ሸህ ሙሄም ነበሩ። እርቅ እንደተፈጸመ፣ አቶ ኸድር የወንድሙን እግር ስሞ ሁለቱም እንደተላቀሱ ነገሩኝ። የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ነው አሉኝ። አቶ ሙባረክ እጄን ያዙኝ።

"ይሻው ወንድሜ፣ የተሰበረው የኔ አጥንት ነው። እኔ ካልከሰስኩ አንተ ምን ቤት ነህ? ገፋው ካልክ ተከሰሰ ማለት ነው። ተከሰሰ ማለት አይሻገርም ማለት ነው።"

አሁን ገባዎት ወይ ልላቸው ፈለግሁ፤ መሻገር ወዴት እንደሆነ። አላልኩም። የታመሙ ሰው ናቸው። እሺ አልኳቸው። በዚያ ቀን እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር።

ስወጣ አቶ ኸድር የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ምን እንዳሉኝ ያውቅ ነበር። አትስጋ፣ አላየሁም እላለሁ አልኩት።

"ጋሼ የእናቴን ሞት የደበቀኝ መሻገር አይችልም ብሎ ነው" አለኝ። "አሁን ደግሞ እኔ እንድሻገር ብሎ አጥንቱን ይደብቃል። እኔ የምሻገረው በሰው ላይ ተረማምጄ ነው? ያየኸውን ንገራቸው።"

ሥራህስ አልኩት። ተከሰህ ታውቃለህ ሲሉኝ አዎ እላለሁ፣ ለምን ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ አለኝ። ከዚያ በኋላ እንደማያሳልፉት እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቀን በዚሁ ሳስብ ነው የቆየሁት። አላየሁም ብል ሁሉም ይድናል። የተሰበረው፣ የሰበረው፣ ሽማግሌው። አንድ ሰው ብቻ ይህን መዳን አልፈልግም አለ፤ እሱም የሚድነው ሰው ራሱ ነው። የማንን ቃል እንደምሰማ አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት እዚህ እስክቀመጥ ድረስ አላውቅም ነበር።

ጥያቄ፦ አቶ ሙባረክ የወደቁት ተንሸራትተው ነው ወይስ ተገፍተው?

መልስ፦ ተገፍተው ነው። የገፋቸው አቶ ኸድር ነው።

ጥያቄ፦ ይህን እንድትል ያስገደደህ ወይም የተከፈለህ ነገር አለ?

መልስ፦ የለም። የተለመንኩት እንዳልል ነው።

ጥያቄ፦ የምትጨምረው አለህ?

መልስ፦ አቶ ኸድር ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ምን ብለህ ወጣህ አይለኝም። አቶ ሙባረክ ግን ይጠይቁኛል። የሱቃቸውን ጨርቅ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያመላልሰዋል። እናታቸውን የቀበርነው አብረን ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። የጎደለበት የለም፣ የተጨመረበትም የለም። የሚጠቅመው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሆኖም ያየሁት ይህ ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ይሻው ሙላቴ አያሌው

የቃል ተቀባይዋ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ፈንታነሽ ታደሰ