ለፊታውራሪው ውኃ የተሰጠ መልስ

(አዲስ አበባ፣ በ1951 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ፤ ስመ ጥሩው ኬሚስት ዶክተር ልሳነወርቅ በሚመሩት የመንግሥት ላቦራቶሪ ቢሮ ውስጥ፣ ጸሐፊያቸው ወይዘሮ አስካለ የዕለቱን ደብዳቤ አቅፋ ጠረጴዛቸው ፊት ቆማለች።)

አስካለ፦ ይችን አልመታትም፣ ዶክተር።

ልሳነወርቅ፦ ምን ማለት ነው? ታይፑ ተበላሸ?

አስካለ፦ ታይፑ ደኅና ነው።

ልሳነወርቅ፦ እጅሽን አመመሽ?

አስካለ፦ እጄም ደኅና ነው። የቀሩትን ሁሉ መትቼ ጨርሻለሁ። ለደሴው መምህር አሲድ በፖስታ እንደማይላክ ጽፌላቸዋለሁ። በርበሬ ውስጥ የጡብ ዱቄት ቢገባ በምርመራ ይታወቃል ወይ ብሎ ለጠየቀው ነጋዴ፣ ይታወቃል ብየዋለሁ። ሊገዛ ይሁን ሊሸጥ አልገለጸም። ከናስ ወርቅ ይወጣል ወይ ላሉት ግራዝማችም እንዳዘዙኝ "በሳይንስ ዓይን ሲታይ አስቸጋሪ ነው" ብያለሁ።

ልሳነወርቅ፦ አስቸጋሪ ነው ያልኩት እኔ ነኝ?

አስካለ፦ "አይወጣም ካልናቸው ሽማግሌውን እናስቀይማለን" አሉኝ። አሁን ናሱን በበቅሎ ጭነው ከች ይላሉ።

ልሳነወርቅ፦ ይምጡ። እኔ ዘንድ የጻፈ ሰው መልስ ሳያገኝ አያድርም። አገር የሚያውቀኝ በዚህ ነው። አገር ብቻ መሰለሽ? የስዊድኑ ፕሮፌሰር ምን ብለው እንደጻፉልኝ አይተሻል። "እንደ እርስዎ ያለ ደብዳቤ የማያሳድር ኬሚስት በአውሮፓም አላውቅም" ነው ያሉት።

አስካለ፦ አይቻለሁ። ደጋግመው አስነብበውኛል።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲያው የፊታውራሪ ደምመላሽን ለምን ታሳድሪብኛለሽ? ወኪላቸው አቶ ሀብተየስ ታች ተቀምጦ ይጠብቃል።

አስካለ፦ ይጠብቅ፤ ሻይ አስይዤዋለሁ። መጀመሪያ የጻፉትን ላንብብልዎ።

ልሳነወርቅ፦ እኔ የጻፍኩትን ለእኔ?

አስካለ፦ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት ይለያል። "የክቡርነትዎ የገንደ ሆራ ምንጭ በላቦራቶሪያችን ተመርምሮ፣ እስከ ዛሬ ካየናቸው ውኆች ሁሉ ልዩ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ውኃ አዘውትሮ የጠጣ ሰው ከሌላው ተለይቶ ይታወቃል። ምልክቱም ዕድሜ ልኩን አይለቀውም።"

ልሳነወርቅ፦ እንዴት ነው?

አስካለ፦ ያምራል።

ልሳነወርቅ፦ እስቲ አንዲት ውሸት አሳይኝ።

አስካለ፦ የለችበትም። ክፋቱ እሱ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ልዩ ነው አልኩ፤ ልዩ ነው። ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ከልኩ እጅግ ያለፈበት ውኃ ነው። ተለይቶ ይታወቃል አልኩ፤ በልጅነቱ ሲጠጣው ያደገ ሰው ጥርሱ ይጠቁራል፣ ሲብስም አጥንቱ ይጎብጣል፤ ይታወቃል እንግዲህ። አይለቀውም አልኩ፤ አይለቅም። አባቶቻችን ቅኔ የደከሙበት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። እውነቱን ተናገርኩ፤ ሰውየውንም አላስቀየምኩ።

አስካለ፦ ፊታውራሪው ቅኔ ቤት ገብተዋል?

ልሳነወርቅ፦ በደጁ ሳያልፉ አይቀሩም።

አስካለ፦ እንግዲያው ሰሙን ለገበያ በሚያወጡት ጠርሙስ ላይ ይለጥፉታል፤ ወርቁ እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጠጪው የሚያነበው ደግሞ ጠርሙሱን ነው።

ልሳነወርቅ፦ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ።

አስካለ፦ ጠጅ ቢሆንማ ምን ገዶኝ። ይህ ውኃ ነው፤ ሕፃን ይጠጣዋል።

ልሳነወርቅ፦ አስካለ፣ ተቀመጪ። አልተቀመጥሽም? ይሁን። ሚኒስትሩ የፊታውራሪው አማች እንደሆኑ ታውቂያለሽ። የአዲሱ ላቦራቶሪ ወረቀት እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚህ የምሠራበትን ታያለሽ፤ ዝናብ ሲዘንብ ሚዛኑን በጃንጥላ ነው የምከልለው። ያ ሕንፃ ቢቆምልኝ የአገሩን ውኃ ሁሉ ምንጭ ከምንጭ እመረምራለሁ። ለአንድ ምንጭ ብዬ የሺህ ምንጭ ነገር ላበላሽ?

አስካለ፦ ሺውን መርምረው ምን ሊሉ ነው? "ሁሉም ልዩ ሆነው ተገኝተዋል"?

ልሳነወርቅ፦ ምላስሽ ዛሬ ምን በላ?

አስካለ፦ እንጃ። ዶክተር፣ ገንደ ሆራ ላይ ቁስል የሚያጥቡትን ድሬሰር ያስታውሷቸዋል? አቶ ቱፋን? ውኃውን በጠርሙስ ሞልተው የላኩልን እሳቸው ናቸው። ፊታውራሪው ምንጩ ለንግድ እንደሚሆን ሳያስቡት በፊት።

ልሳነወርቅ፦ አስታውሳለሁ። ትጉ ሰው ነው።

አስካለ፦ እርስዎ ዘንድ የጻፈ ሰው መልስ ሳያገኝ አያድርም አላሉኝም? የአቶ ቱፋ ደብዳቤ ከበልግ ጀምሮ "ይቆይ" የሚለው ፋይል ውስጥ እያደረ ነው። የበርበሬው ነጋዴ ቀደማቸው።

ልሳነወርቅ፦ ብነግረውስ ምን ያደርጋል? ሕዝቡን ውኃ አትጠጡ ሊል ነው?

አስካለ፦ ሌላ ውኃ አላቸው። ወንዙ ትንሽ ይርቃል እንጂ አለ፤ ጽፈውልዎታል። ምንጩ ለደጅ ቅርብ ስለሆነ ነው ሴቶቹ የለመዱት። እሳቸው የሚፈልጉት አንዲት ቃል ነበረች። "ከውኃው ነው" የሚል ወረቀት ከላቦራቶሪ ቢያገኙ ሽማግሌዎቹን አሳምነው ሰዉን ወደ ወንዙ እንደሚመልሱ ጽፈዋል። ያለ ወረቀት ሲናገሩ የሚሰማቸው አጡ። መንደሩ የጥርሱን ነገር እርግማን ነው ብሎ አምኗል።

ልሳነወርቅ፦ ይህን ሁሉ ከደብዳቤው ነው ያነበብሽው?

አስካለ፦ ግማሹን ከአፋቸው ነው። ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር።

ልሳነወርቅ፦ እዚህ? ለምን አልነገርሽኝም?

አስካለ፦ ነገርኩዎ እኮ። "ለስዊድኑ ፕሮፌሰር እየጻፍኩ ነው፣ ይቆዩኝ" አሉ። ቆዩ። ኋላ የሚሳፈሩበት መኪና ሊያመልጣቸው ሆነና ሄዱ።

ልሳነወርቅ፦ ተቀየመ?

አስካለ፦ አልተቀየሙም። የሚቀየም ሰው ቢሆኑ ይሻል ነበር። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያጫውቱኝ እጃቸውን ከአፋቸው አያነሡም። ጉንፋን የያዛቸው መስሎኝ ነበር። አንዲት የመንደራቸው ልጅ ታጭታ፣ ድግሱ ተደግሶ፣ የሙሽራው ወገን ፊቷን ገልጦ ካየ በኋላ እንዴት እንደተመለሰ ነገሩኝ። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አትበላም አሉኝ። "የማን ልጅ ናት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ያን ጊዜ እጃቸውን አነሡና ፈገግ አሉ። "የእኔ ናት" አሉ።

ልሳነወርቅ፦ የራሱ ልጅ?

አስካለ፦ ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ልብ እያዘነ እሱ ይሥቃል። የአቶ ቱፋ ጥርስ ግን ልባቸውን ነው የሚመስለው።

ልሳነወርቅ፦ ይህን በደብዳቤው አልጻፈም።

አስካለ፦ በመንግሥት ደብዳቤ ስለ ልጅ አይጻፍም።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲህ አዘንኩ። በእውነት አዝኛለሁ። ግን በሐዘን ቢሮ አይመራም። ለእሱም እጽፍለታለሁ፤ ሕንፃው ይፈረምና ወዲያው። አሁን ይችን ምቻት።

አስካለ፦ አልመታትም።

ልሳነወርቅ፦ ሌላ ሰው አስመታለሁ። ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ታይፕ ትችላለች።

አስካለ፦ ትችላለች። ባለፈው "ለክቡር አምባሳደር" በሚለው ፈንታ "ለቅቡር አምባሳደር" ብላ መትታ ሰውየውን በቁማቸው የቀበረቻቸው እሷ ናት።

ልሳነወርቅ፦ በእጄ እጽፈዋለሁ።

አስካለ፦ የእጅዎን ጽሕፈት ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም። ለነገሩ ሳይጻፍም ሥራቸውን ጀምረዋል። አቶ ሀብተየስ የጠርሙሱን ወረቀት ናሙና ይዞ መጥቷል፤ ይኸውልዎ።

ልሳነወርቅ፦ አሳይኝ። ይህ ... እኔ ነኝ?

አስካለ፦ እርስዎ ነዎት።

ልሳነወርቅ፦ ፎቶግራፉን ከየት አመጡት?

አስካለ፦ ከጋዜጣ። ከአውሮፓው ስብሰባ የተመለሱ ዕለት፣ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ሲሥቁ።

ልሳነወርቅ፦ ክፉ አልወጣሁም።

አስካለ፦ አልወጡም። ጥርስዎ ያበራል። ከሥሩ ያለውንም ያንብቡት።

ልሳነወርቅ፦ "በዶክተር ልሳነወርቅ የተመሰከረለት። ለሕፃናት ጥርስና አጥንት ተስማሚ።" ይህን እኔ አላልኩም።

አስካለ፦ አላሉም።

ልሳነወርቅ፦ ጥርስና አጥንት! ሌላ ነገር አጡ? ለጨጓራ ቢሉ ምን ነበረበት?

አስካለ፦ ሰው ከገንደ ሆራ መጣ ሲባል አፉን የሚያይ ስለበዛ፣ ነገሩን አስቀድመው ሊዘጉት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ለአዳሪ ትምህርት ቤቶች ሊያቀርቡም ተዋውለዋል። አቶ ሀብተየስ ራሱ ነው ሻይ እየጠጣ የነገረኝ።

ልሳነወርቅ፦ ደብዳቤዬ ሳይወጣ እንዴት ያትማሉ?

አስካለ፦ እኔም ይህንኑ ጠየቅሁት።

ልሳነወርቅ፦ ምን አለሽ?

አስካለ፦ ይቅርብዎ።

ልሳነወርቅ፦ ምን አለሽ፣ አስካለ?

አስካለ፦ "ዶክተሩ ለማንም እምቢ ብሎ አያውቅም" አለኝ። ለክፋት አልመሰለኝም። እንደ ምስጋና ነው ያወራው። ውኃ ላቅርብልዎ? የቧንቧውን ነው።

ልሳነወርቅ፦ አልፈልግም። ሂጂ ታይፑ ጋ። ወረቀት አግቢ። "ለክቡር ፊታውራሪ ደምመላሽ። ጉዳዩ፦ ስለ ገንደ ሆራ ውኃ።" መታሽ?

አስካለ፦ መታሁ።

ልሳነወርቅ፦ "ክቡርነትዎ ለአገር ልማት ያለዎት ከፍ ያለ አሳቢነት በሁሉ ዘንድ የታወቀ ሲሆን ..."

አስካለ፦ ይህ ለውኃው ምን ያደርግለታል?

ልሳነወርቅ፦ ሰርዢው። "የገንደ ሆራን ውኃ መርምረናል። ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ስላገኘነው፣ ለዘወትር መጠጥ ... ለዘወትር መጠጥ እምብዛም የማይመከር ..."

አስካለ፦ እምብዛም?

ልሳነወርቅ፦ "የማይመከር"።

አስካለ፦ የማይመከር ነው የማይጠጣ?

ልሳነወርቅ፦ የማይጠጣ። ጻፊው፤ "የማይጠጣ"። "በተለይም ሕፃናት ቢጠጡት ጥርሳቸውንና አጥንታቸውን ይጎዳል። ስለዚህ ስሜም ሆነ ምስሌ በጠርሙሱ ላይ እንዳይወጣ አስታውቃለሁ።" በቃ። እንዲህ ያለ ራቁቱን የቆመ አማርኛ ጽፌ አላውቅም።

አስካለ፦ ቁንጅናው ይህ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ግን ስሚኝ። ይህ ነገር በእኔና በፊታውራሪው መካከል ይቅር። ለብቻቸው ይድረሳቸው፣ በሰው ፊት አላዋርዳቸውም። ሲረጋጉ ራሳቸው ይተዉታል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

አስካለ፦ ጨርሻለሁ፤ ይፈርሙ። እዚህም ላይ። እዚህም።

ልሳነወርቅ፦ አሁንም አለ?

አስካለ፦ ካርቦን ወረቀቱ የታይፑን ፊደል እንጂ ፊርማ አያስተላልፍም፤ እንደ ወትሮው ነው። በሉ ለአቶ ሀብተየስ ሰጥቼው ልምጣ።

ልሳነወርቅ፦ (አስካለ ስትመለስ) ቆየሽ። ምን አለ?

አስካለ፦ ቆሞ አነበበው። ሻዩን አስቀመጠና ተቀምጦ ደግሞ አነበበው። "የዶክተሩን አማርኛ ዛሬ ምን ነካው?" አለኝ። ተሽሎታል አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልተጨዋወትንም። ፊታውራሪው ዛሬውኑ አማቻቸው ቤት እንደሚሄዱ ነግሮኝ ወጣ።

ልሳነወርቅ፦ ሕንፃው ሄደ በይኛ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኸው ነው። እሳቸው ለሚኒስትሩ እንደ ፈለጉ አድርገው ያወሩታል። ልሳነወርቅ ምቀኛ ነው፣ ድርሻ ጠየቀኝ፣ ሲከለክሉት ውኃዬን አጠፋ ይላሉ። እኔ በምን እከላከላለሁ? ደብዳቤው ያለው እሳቸው እጅ ነው፤ ማታ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ደግሞም ያን ድሬሰር ምንም አልጠቀምኩትም።

አስካለ፦ የእሳቸው ፖስታ ቤት ገብቷል።

ልሳነወርቅ፦ የማን?

አስካለ፦ የአቶ ቱፋ። የሚኒስትሩም ገና ወደ ታች ሳልወርድ በመልእክተኛ ሄዷል። እስካሁን በመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶት ይሆናል። የጤናውና የትምህርቱ ሚኒስቴር ደግሞ ቀረብ ስለሚሉ በመመለሻው ያደርሳቸዋል።

ልሳነወርቅ፦ ለብቻቸው ብዬሽ አልነበረም? ማን ፈቀደልሽ?

አስካለ፦ ደብዳቤው ላይ "ግልባጭ" ተብሎ የሁሉም ስም በተራ ተጽፏል። እርስዎም ፈርመውበታል።

ልሳነወርቅ፦ የቱ ጋ? እኔ አላየሁም።

አስካለ፦ አያዩትማ። እስከ ዛሬ አብሬዎ ስሠራ፣ ከስምዎ በታች ያለውን መሥመር አንድ ቀን አንብበው አያውቁም።