የሰው ማሳ

ዘመኑ ፳፻፲፯፣ ወሩ ሐምሌ፣ ዝናቡ የማያባራ ነበር። ልጄ እናትነሽ ከዓረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ላይ ጌም ቤት ከፍታለች። "ሥራ ፈትታ ከጎረምሳ ጋር ስትስቅ ትውላለች" ቢሉኝ ወደ ቤት ልመልሳት ሄድኩ።

"እሺ፣ ግን መጀመሪያ አንዴ አብረን እንጫወት" ብላ መጫወቻውን አስጨበጠችኝ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ጠላት የሚወጋበት ጨዋታ ነው። ክፍል ሁለት ነው አሉ፤ ያው ቤት፣ ያው ጠላት ይመላለሳል።

"የገብስ ማሳ ላይ መልሰው ገብስ ዘርተዋል፤ ፍሬ የለውም" አልኩ።

"እውነትዎን ነው አባባ፤ አንደኛው ክፍል እንዲህ አልነበረም" አለኝ አጠገባችን ከተቀመጡት ጎረምሶች አንዱ።

ወዲያው ቴሌቪዥኑ ላይ የደረሰ ስንዴ ፊታችን መጣ። እኔ የማንቀሳቅሰውን ሰውዬ ዳር ዳሩን አዞርኩት። ጎረምሶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት።

"አባባ፣ መሃሉን ያቋርጡ እንጂ! ሊገድሉዎት ነው!"

"የሰው እህል አይረገጥም።"

ሳይ የእናትነሽም ሰውዬ ከኋላዬ ዳር ዳሩን ይመጣል።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?" አላት አንዱ።

"እኔስ የማን ልጅ ነኝ?" አለችው።

ሁለታችንም እዚያው በጥይት ወደቅን። ልቤ ሞላ።

ተነሺ እንሂድ አላልኳትም። ብቻዬን ተመለስኩና በሳምንቱ ከባሕር ዛፌ ቆርጬ ለተጫዋቾቿ አግዳሚ ወንበር ሠራሁላት።