የሰርግ ዘፈን የመሰለው

ከገፈርሳ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ ጊታር የታቀፈ ወጣት አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ የስልኩን ማዳመጫ ሰጣቸው።

«ኦቦ ቶላ፣ አልበማችን አለቀ። ያኔ የቀዳሁት ዘፈንዎ ከሮክ ሙዚቃችን ጋር ተቀላቅሏል።»

«ይሄ ሁሉ ጩኸት! እኔ የታለሁ?»

«ትንሽ ይታገሱ፣ ወደፊት ላሳልፍልዎ፤ አስራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ይገባሉ።»

«እህ... መጣሁ። ከበሮው ግን ምን ያዘልለዋል?»

«የሰርግ ዘፈን ነዋ!»

«ማን ነገረህ? ወንድሜን ስቀብር ያለቀስኩበት ነው።»

«ውይ! ኦሮምኛው መች ገባኝ... ለምን አልነገሩኝም?»

«የድሮ ዜማ አምጣ አልከኝ እንጂ መች ጠየቅከኝ?»

«ላውጣው እንዴ?»

«ቆይ፣ አትንካው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። እስቲ መልሰህ ክፈትልኝ።»

መውረጃዬ ደርሶ «ወራጅ አለ» ማለቱን ትቼ አብሬያቸው አለፍኩ።