የሎሚው ችግኝና ነጩ ክር

ከዓኽርያ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በሚወርደው አውቶቡስ ትንሿን ልጄን ይዤ ተሳፈርኩ። ከፊታችን አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ በጣሳ የተተከለ ቀጫጫ የሎሚ ችግኝ ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለው ወጣት ችግኟን አየት አድርጎ ጠየቃቸው።

«አቦይ፣ ይህቺ ነገር ታማለች እንዴ?»

«እንጃ ወደይ፣ እንጃ ልጄ። የተከልኳቸው ችግኞች ሁሉ እንዲህ ናቸው። እስከ ፋሲካ ካላደጉ ገዛ ባንዳ ሰፈር የምታሠራኝ እመቤት ታባርረኛለች። ያልሆንኩላቸው የለም! አፈሩን በመድኃኒት አጠብኩ፣ ከሥሮቻቸው ላይ ክር የመሰለ ነጭ ሻጋታ ለቀምኩ...»

«ያንን ነጭ ክር ለቀሙት?»

«እወ! አንዲትም አላስቀረሁም።»

«አይ አቦይ! እሱ እኮ ነው የሚመግባቸው። ሥሩ የማይደርስበትን ምግብ ከአፈር እየሳበ ያጎርሳቸዋል።»

«ሞግዚታቸውን ገድዬ ነዋ ለምን ቀጨጩ የምለው!»

«መድኃኒቱም ገድሎት ይሆናል። ግን ሁሉም መድኃኒት እኩል አይጎዳውም። እኛ እርሻ መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሚጎዳው ገና እየሞከርን ነው።»

«እናንተ ሞክራችሁ እስክትጨርሱ እኔ ተባረርኩ!»

«መድኃኒት ነክቶት ከማያውቅ አሮጌ ሎሚ ሥር ጥቂት አፈር ወስደው ይቀላቅሉላቸው።»

«ፍየሎች ሥሩ የሚተኙበት አንድ አሮጌ ሎሚ አለ። መልኩ ስለማያምር እመቤቲቱ እንዳታየው ብዬ በአጥር ከልዬዋለሁ።»

«እሱን ነው የምልዎት።»

«የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ ወደይ! በል ፌርማታዬ ደረሰ፤ ዛሬውኑ የፍየሎቹን ደጅ እጠናለሁ።»

ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ እኔ ለጓሮዬ የገዛሁትን የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ዱቄት ከልጄ ጭን ላይ ቀስ ብዬ አንስቼ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት።