ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር

እኔና አናጺው ጓደኛዬ አበራ ጂንካ ውስጥ በገዛ እጃችን አንድ ማሽን ሠርተን ነበር፤ ኮምፒውተር እያዘዘው እንጨት ይቀርጻል። አካሉን የሠራው እሱ፣ ኤሌክትሪኩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አበራ ሊጠግነው የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፍቶ ሲነካ ኤሌክትሪክ ያዘውና ሞተ።

ከአርባው በኋላ ባለቤቱ ወርቅነሽ "ሸጬ ከዓይኔ ላጥፋው" ብላ ጠራችኝ። አስነስቼ ሞከርኩት። ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ ሳጥኑን ከፈትኩና፣ እጄን ከመስደዴ በፊት የአምፖል ሁለት ገመድ ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ላይ አሳረፍኩ። አምፖሉ ቦግ አለና ቀስ እያለ ጠፋ። የቀረው ኃይል ዜሮ መሆኑንም በቴስተር ለክቼ አየሁ።

"ነቅለኸው የለም እንዴ?" አለች ደንግጣ።

"ይሄ ዕቃ ኃይል ያጠራቅማል። እንዲህ ካላወጡለት ሶኬቱ ተነቅሎም ይገድላል።"

መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ያን ቀን 'ንቀይው' ብሎኝ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ የሌላ ዕቃ ሶኬት ነቅዬ ገደልኩት እያልኩ ስቃጠል... ልጄ እንኳ 'አባቴን ገደልሽው' ብላ ካኮ ከተማ አያቷ ዘንድ ገባች።" ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ሁልጊዜ የምከፍተው እኔ ስለነበርኩ ሳልነግረው ቀረሁ።"

ከመሬት ተነሣችና "ለልጄም አንተው ንገራት" አለች።

በማግስቱ ካኮ ሄጄ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ልጅቷ አልረገመችኝም። ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ መጣችና "እማዬ ጋ ውሰደኝ" ስትለኝ፣ ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ።