ስሄድ የሚቆመው ፕሮግራም

ኢተያ ላለ አንድ የግል ክሊኒክ የታካሚ ካርድ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከአሰላ በሚኒባስ ተመላለስኩ። ነገሩ ያሳብዳል! ደርሼ ላፕቶፔን ስከፍት ፕሮግራሙ ሰተት ብሎ ይከፈታል። ተሰናብቼ መናኸሪያ ሳልደርስ ከክሊኒኩ ይደወልልኛል፤ "ኧረ ቆመ! ሰው ተሰልፏል!" ኔትወርኩን ረገምኩ፣ ገመድ ቀየርኩ። ካርድ ክፍሉን ለዓመታት የያዙትን አዛውንት፣ ሐጂ ከድርን፣ "የሆነ ነገር ነክተው ይሆናል" እስከማለት ደረስኩ።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ከወንበራቸው ሳይነሱ ሲያዩኝ ቆዩና፣ "አንተ ልጅ፣ እስቲ ያንተን ዝጋው" አሉ ወደ ላፕቶፔ እያመለከቱ። ዘጋሁት። የእሳቸው ኮምፒውተር ላይ "መገናኘት አልተቻለም" የሚል ጽሑፍ ወጣ። "ክፈተው።" ከፈትኩት፤ ሠራ። ቤቴ ስሞክረው፣ ኮዱ ውስጥ ዳታቤዙ፣ ማለትም የካርዱ መዝገብ፣ ያለበት ቦታ ብዬ የራሴን ላፕቶፕ ስም ጽፌ ነበር፤ በክሊኒኩ ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ ስም መቀየሩን ረስቼዋለሁ። የተመዘገበው በሽተኛ ሁሉ እኔ ጋ ነው ያለው።

"እና ሰሞኑን የሰዉ ካርድ የት ነው የሚያድረው?" አሉ ሐጂ ነገሩን ስነግራቸው።

"እኔ ጋ… አሰላ።"

የላፕቶፔን ቦርሳ ወደ ራሳቸው ሳቡት። "ወላሂ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት የአንድ በሽተኛ ካርድ ብብቴ ስር አድርጌ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።"

ኮዱን አርሜ፣ መዝገቡን ሰርቨሩ ላይ ገልብጬ፣ ከላፕቶፔ አጥፍቼ እስክጨርስ፣ ቦርሳዬን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ።